መጠጥ ላቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብሎ መጥራት

እኛ አገር አብዛኛው ሰው መጠጥ የሚያቆመው በድብቅ ነው። ሰኞ ጠዋት ራሱን ይዞ ይነሣና «በቃኝ፣ ሁለተኛ!» ይላል። ለሚስቱ አይናገርም፣ ለጓደኛውም አይናገርም። «ካልሆነልኝ መሳቂያ እሆናለሁ» ብሎ ይፈራል። ሐሙስ ማታ የሥራ ባልደረባው «ና እንጂ፣ አንድ ብቻ!» ሲለው መልስ ያጣል። ማቆሙን የሚያውቅ ሰው የለማ! ይሉኝታ ሲያስጠጣው የኖረውን ሰው፣ ሲያቆምም ያው ይሉኝታ መልሶ ያስጠጣዋል።

ይህ መመሪያ ከሁሉ በላይ ስለ ሰው ነው። ጠርሙሱን ከመድፋታችሁ በፊት ማንን ከጎናችሁ እንደምትይዙ፣ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሐራራው ሲመጣ ለማን እንደምትደውሉ። በቅደም ተከተል ሂዱበት። ሌላውን ብትዘሉ ግድ የለም። የመጀመሪያውን ግን እባካችሁ እንዳትዘሉ።

አንደኛ፦ ሰውነታችሁ በአንድ ጊዜ ማቆም ይችላል ወይ?

በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። አልኮል የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል። አንጎል ደግሞ ለወራትና ለዓመታት ሲጠጣበት፣ ያንን ለመቋቋም ራሱን ያፈጥናል። አልኮሉ በድንገት ሲቋረጥ ማቀዝቀዣው ይጠፋና ፍጥነቱ ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጡም፣ ላቡም፣ ድንጋጤውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጊዜውን እወቁት። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል።

ይህን ያየ ዘመድ ብዙ ጊዜ «ለክፎት ነው» ይላል። ጸበል መውሰዱን አልቃወምም። መጀመሪያ ግን ድንገተኛ ክፍል ይድረስ።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ጠዋት ስትነሡ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል? መንቀጥቀጡን ለማስታገስ ገና በጠዋቱ ትቀምሳላችሁ? ከዚህ በፊት ስታቆሙ ተንዘፍዝፋችሁ ወይም ቃዥታችሁ ታውቃላችሁ? የሚጥል በሽታ ወይም የጉበት ሕመም አለባችሁ? ነፍሰ ጡር ናችሁ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካላችሁ ብቻችሁን ቤት ዘግታችሁ አታቁሙ። ሐኪም እስክታዩ ድረስም በአንድ ጊዜ አትቁረጡት። ቀጠሮውን ግን ለነገ ያዙ። ለሚቀጥለው ወር አይሁን።

ሁለት የተለመዱ ነገሮች ደግሞ ተዉ። አንዱ ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት በሰው በኩል አስገዝቶ በግምት መዋጥ ነው። ሐኪም የሚያዘው ይህንኑ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እሱ ግን መጠኑን ለክቶ፣ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ነው። መድኃኒቱ ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል። ሁለተኛው ሰፈር ክሊኒክ ጎራ ብሎ ግሉኮስ ብቻ አስሰክቶ መመለስ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። ቫይታሚኑ ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ግሉኮስ ሊሰክሉላችሁ ሲሉ «በየቀኑ እጠጣ ነበር፣ ታያሚን ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛ፦ ሐኪሙ ፊት እውነቱን ይዛችሁ ግቡ

የት ልሂድ ለሚል ሰው፣ በጣም ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ጥሩ መነሻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር የሚጻፍላችሁም ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ታካሚ ያያል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጅማና ጎንደር ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ገባ» መባልን የምትፈሩ ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ካርድ የሚያወጣው ሰው ግን ከእናንተ በፊት ስንቱን መምህር፣ ስንቱን ሹፌር፣ ስንቱን የባንክ ሠራተኛ አስተናግዷል።

ሐኪሙ «ምን ያህል ትጠጣለህ?» ሲል የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ «አልፎ አልፎ።» ይህች ቃል ሰው ትጎዳለች። መድኃኒቱ የሚለካው በምትሉት መጠን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ያለፈውን አንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ጻፉ። ስንት መለኪያ አረቄ፣ ስንት ብርሌ ጠጅ፣ ስንት ጃምቦ፣ ስንት ጠርሙስ ቢራ። በስንት ሰዓት እንደጀመራችሁ፣ የመጨረሻው መቼ እንደነበር። የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ እሱንም። ጫትና ሲጋራ ካለ እሱንም። አፍ ሲያፍር ወረቀቱን መስጠት ይቻላል። «ዶክተር፣ እዚህ ላይ አለ» ማለት በቂ ነው።

ከሐኪሙ ጋር እያላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤት ሆኜ ማቆም እችላለሁ ወይስ መተኛት አለብኝ? ሐራራውን የሚቀንስ መድኃኒት ለእኔ ይሆናል ወይ? ከሳምንት በኋላ ማንን ላግኝ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች። ብዙ ሰው ግን የሚጠፋው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው፣ መንቀጥቀጡ ቆሞ «ዳንኩ» ሲል።

በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ይወስዳል። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው። ሰክሮ ሥራ መግባት ያስቀጣል። ታሞ መታከም ግን መብት ነው።

ሦስተኛ፦ ሰው ምረጡ፣ ለእያንዳንዱም አንድ ሥራ ስጡት

እዚህ ላይ ነው ብዙ የምቆየው፣ ምክንያቱም የሚያዋጣው ይሄ ነው።

«አግዙኝ» ብቻ ማለት አይሠራም። ሰው እንዴት እንደሚያግዝ ካላወቀ ይመክራል። ምክር ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደ ጩኸት ነው የሚሰማው። ለአንድ ሰው አንድ ጥርት ያለ ሥራ ስጡ፣ የሚያልቅበትንም ቀን ንገሩት።

የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። የሚያድረው ለወሬ አይደለም። ብትንዘፈዘፉ፣ ብትቃዡ፣ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሩ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር።

ማታ ማታ ስልክ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ይሄ እዚያው ከተማ መኖር የለበትም። ደሴ ያለች እህት፣ ዱባይ ያለች አክስት፣ ሜሪላንድ ያለ የልጅነት ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ልዩነቱም አንዳንዴ ይጠቅማል። እናንተ እንቅልፍ አጥታችሁ ስትገላበጡ አሜሪካ ያለው ሰው ገና አልተኛም።

ገንዘብ የሚይዝላችሁ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ስለሱ ወደ ኋላ እመጣለሁ።

ማን ይሁን? መጀመሪያ ራሱ የማይጠጣ ወይም እናንተ ፊት ለመጠጣት የማይፈልግ። ቀጥሎ ምስጢር የሚጠብቅ። ከዚያ ስትወድቁ የማይሳደብ። ሀብታም ወይም የተማረ መሆን የለበትም። ታላቅ እህት፣ የሰፈር ባለ ሱቅ፣ አብሮ አደግ፣ ከመሥሪያ ቤት አንድ ጨዋ ሰው ይበቃል። ሚስት ወይም ባል መርዳታቸው አይቀርም። ዘበኛ ግን አታድርጓቸው። ማታ ማታ አፍ የምታሸት ሚስት ትደክማለች፣ ቤቱም ፍርድ ቤት ይሆናል። የሚጠብቃችሁ ሌላ ሰው ቢሆን ለትዳሩም ይሻላል።

አጠያየቁ ራሱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ቃሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ለታላቅ እህት ቢሆን ለምሳሌ እንዲህ፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። መጠጥ ላቆም ነው። ቅዳሜ እጀምራለሁ። እንድትመክሪኝ አይደለም፣ ምክሩን አውቀዋለሁ። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ስደውል ስልክ አንሺልኝ። ስለ መጠጥ ባናወራም ይሁን። ስለ ልጆቹ አውሪኝ፣ ስለ ገበያው አውሪኝ። ለ1 ወር ብቻ። ባልደውል ደግሞ አንቺ ደውይ።»

«ባልደውል አንቺ ደውይ» የምትለዋን አትርሱ። የሚጠጣ ሰው መደወል በሚገባው ሰዓት አይደውልም። እሷ ስትደውል ስልኩ ከጠፋ ደግሞ ወደ ማን እንደምትደውል ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ለጓደኛ ሲሆን እንዲህ ማሳጠር ይቻላል፦ «ወንድሜ፣ ከሥራ ስንወጣ እስከ ታክሲው ድረስ አብረኸኝ ሂድ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሂድ። ይሄው ነው።» ከቢሮ እስከ ታክሲ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ስንት ሰው እንደቀረባት የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አራተኛ፦ ግብዣውን እንዴት ትመልሳላችሁ?

የመጠጥ ጓደኞቻችሁን ሁሉ እንደ ጠላት አትቁጠሩ። ከነሱ ውስጥ «እውነትህን ነው? ጎበዝ» ብሎ አብሯችሁ ማኪያቶ የሚጠጣ ይኖራል። እሱን ያዙት። ነገሩ ግራ የገባው፣ ግን ክፋት የሌለበት ይኖራል። እሱ ቀን ቀን ይገኝ። «ያንተ ደግሞ ስንት ቀን ይቆያል?» እያለ ብርጭቆ የሚገፋ ይኖራል። ከዚህኛው ቢያንስ ለሦስት ወር ራቁ። መጣላት አያስፈልግም፣ መጥፋት ይበቃል።

ለቅርብ ሰው እውነቱን መናገር ይሻላል። «አቁሜያለሁ። ተው አትጋብዘኝ» ይበቃል። ለሩቅ ሰው ግን የሕይወት ታሪክ መዘርዘር የለባችሁም። «ዛሬ አልጠጣም» ሙሉ መልስ ነው። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚባለው ነገር ለመጀመሪያው ሳምንት ያግዛል። ግን መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን አለው፣ ጋባዡም ይቆጥራል። ቶሎ ወደ እውነቱ ብትሻገሩ ይቀላል።

ቁጭ ማለት ግድ ከሆነባችሁ፣ አስተናጋጁ እንደመጣ ከሁሉ ቀድማችሁ እዘዙ። አምቦ ውሃ በሉ፣ ብርጭቆውንም ሙሉ አድርጋችሁ ያዙ። ባዶ ብርጭቆ ፊቱ ያለ ሰው ይጋበዛል፣ ባህላችን ነው። አምሮታችሁን በማልት ማታለል አንዳንዱን ይረዳዋል፣ አንዳንዱን ግን ጣዕሙ ራሱ ወደ ቢራው ይመልሰዋል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ አልመክርም። ብርዝና ቀሪቦም ትኩስ ሲሆኑ ነው የሚጠጡት። ሲቆዩ ይፈላሉና ስንት ቀን እንደቆየ ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

አምስተኛ፦ ጫት የሚቅም ሰው ለብቻው የሚያስብበት

ቀን ሲቅም ውሎ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚል ሰው «መጠጡን ብቻ አቆማለሁ» ይላል። አይሆንለትም። ምርቃናው እንቅልፍ ይከለክላል፣ ልብ ያስጨንቃል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያንን የሚያበርድ የሚያውቀው መላ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የሚቅም ሰው ጨብሲውን ለመተው ጫቱንም አብሮ መተው አለበት። ቢያንስ ለነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት። ሐኪሙ ስለ ጫቱ ይወቅ ያልኩት ለዚህ ነው። ለስልክ ሰዋችሁም ንገሩ፣ ምክንያቱም የእናንተ ክፉ ሰዓት ከሌላው ሰው ይመሻል።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡና መንገዱ

ደሞዝ የገባ ቀን ከሌላው ቀን ይለያል። ገንዘብ የሚይዝላችሁን ሰው የሚያስፈልጋችሁ ያን ቀን ነው። ደሞዙ እንደገባ የቤት ኪራዩን፣ የልጅ ትምህርት ቤቱን፣ እቁቡን ዕለቱኑ ክፈሉ። የተረፈውን በቴሌብር ለሰውዬው ላኩለት፣ በየሁለት ቀኑ የታክሲና የምሳ ብቻ ይመልስላችሁ። አዋቂ ሰው በዚህ ማፈር የለበትም። ለ1 ወር ነው። ዱቤ የሚሰጣችሁ ግሮሰሪ ካለ ያለባችሁን ከፍላችሁ ዝጉት። ሂሳቡን እናንተ አትውሰዱ፣ ሌላ ሰው ይዞ ይሂድ።

መንገድም ቀይሩ። የለመዳችሁት ጠጅ ቤት ፊት ለፊት የሚያልፍ ታክሲ ካለ በሌላው ሂዱ፣ ቢያስረዝምም። ከሥራ ስትወጡ ደግሞ አትራቡ። 11 ሰዓት ላይ ሁለት ሙዝ፣ ዳቦ በሻይ፣ ያገኛችሁትን ብሉ። ብዙ ጊዜ ሐራራ የሚመስለው ግማሹ ረሃብ ነው። ጣፋጭ ቢያምራችሁም አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

ሐራራው ራሱ ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። እስከዚያ ቁጭ ብሎ መታገል አያስፈልግም። ተነሥታችሁ ሂዱ፣ ሰውነታችሁን ታጠቡ፣ ስልኩን ደውሉ። እንቅልፍ ለሳምንታት ሊበላሽ ይችላል። ለእንቅልፍ ብሎ «አንድ መለኪያ» የሚባለው ነገር ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

ሰባተኛ፦ የንስሐ አባትና ጸበል

እምነት ለብዙዎቻችን ትልቁ መደገፊያ ነው። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃሉ፣ ቤተሰቡን ያውቃሉ፣ ስትጠፉ ይፈልጓችኋል። በእስልምናም ቢሆን ኢማሙን ወይም የሰፈር ሽማግሌን ማማከር ያግዛል። መስጊድ ውስጥ ያለፈ ማታ መጠጥ ቤት አያልፍም።

ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ፣ ጸበል ሄዳችሁ የሐኪሙን መድኃኒት አታቋርጡ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል፣ አባቶችንም ጠይቋቸው። ሩቅ ቦታ ጸበል ለመግባት ካሰባችሁ መንቀጥቀጡ የሚመጣባቸው ቀናት ካለፉ በኋላ ይሁን። ሐኪም በሌለበት በረሃ ላይ በ2ኛው ቀን መንዘፍዘፍ ክፉ ነው።

ሁለተኛው ግዝት ነው። «አባ፣ ይገዝቱኝ» ብሎ ዕድሜ ልክ መገዘት አንዳንዱን ሰው ይይዘዋል። አንዳንዱ ግን አንድ ቀን ይሳሳትና «ግዝቴን አፍርሻለሁ፣ እግዜርም ትቶኛል» ብሎ ጭራሽ ይለቀዋል። ከመገዘታችሁ በፊት ይህን ፍርሃት ለአባ ንገሯቸው። ምናልባት አጭር ጊዜ ይሰጧችኋል፣ ብትወድቁም የምትመለሱበትን መንገድ ከወዲሁ ያሳዩአችኋል። ሁዳዴን ሙሉ ያልጠጣ ሰው ለትንሣኤ የሚወድቀውም የጾሙን መጨረሻ የማቆሙ መጨረሻ ስላደረገው ነው። ለፋሲካ ማግስት ዕቅድ ያዙ።

ስምንተኛ፦ ያቆሙ ሰዎችን ፈልጉ

በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ለሥራ ሄዶ ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ሥራው ተበላሸበት። ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ቆሞ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይሰማዋል። ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልኩን አነሣና አብያተ ክርስቲያናት ጋ መደወል ጀመረ። የሚፈልገው እንደሱ የሚቸገር አንድ ጠጪ ነበር። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም አገኘ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ወይም ኤኤ የሚባለው ማኅበር የተጀመረው በነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ዛሬ በብዙ አገር አለ። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ክፍያ የለውም፣ ሙሉ ስም አይጠየቅም።

ስብሰባዎቹ በስልክና በኮምፒውተርም ይካሄዳሉ። እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው በማንኛውም ሰዓት አንድ ስብሰባ አይጠፋም። ካሜራ ሳትከፍቱ መስማት ብቻ ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁ በየከተማው በአካል ታገኛላችሁ። እዚያው አሜሪካ ሆናችሁ ጭንቅ ከበዛባችሁ 988 ይደወላል፣ ለሕይወት አደጋ ደግሞ 911። ሆስፒታል ውስጥ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፣ ያለ ክፍያ ሊያቀርቡላችሁ ይገባል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እውነቱን ልጅ ፊት መናገር ለሁለታችሁም ይከብዳል።

በአማርኛ በአቅራቢያችሁ ካልተገኘ ራሳችሁ ጀምሩት። እድርና ማኅበር ማቋቋም የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሦስት ሰው ይበቃል። ከየት ይገኛል? ሕክምና ስትከታተሉ ወረፋ ላይ ካገኛችሁት፣ ነርሷን «እንደኔ የሚፈልግ ሰው ካለ ቁጥሬን ስጪልኝ» ብላችሁ፣ የንስሐ አባትን ጠይቃችሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ1 ሰዓት ተገናኙ። ቦታው ቢራ የማይሸጥበት ይሁን፣ የአንዱ ቤት ቡና ተፈልቶ ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ሰው ሳምንቱ እንዴት እንደነበር በተራ ያውራ። ሌላው አይምከር፣ አያቋርጥ። የተባለው ከዚያ ቤት አይውጣ። ገንዘብ አትሰብስቡ፣ አትበዳደሩ። ብር ከገባበት ማኅበሩ በብር ይፈርሳል።

ሴቶች የሚጠጡበትን ነገር አገሩ ጭራሽ አያወራውም። ስለዚህ ለሴት ድብቁ ይብሳል፣ ሐኪም ቤትም ዘግይታ ነው የምትሄደው። ለሴቶች ብቻ የሆነ ስብስብ ብትጀምሩ ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አስባለሁ። አረቄና ጠላ እየሸጠች ቤት የምታስተዳድር እናት ደግሞ ዕቃው ከጓዳዋ ሳይወጣ ማቆም እጅግ ይከብዳታል። ለሷ የመጀመሪያው እርዳታ ምክር አይደለም። እንጀራም ይሁን ዳቦ፣ መጠጥ የሌለበት ሽያጭ እንድትጀምር እድሩ ወይም ዘመድ መነሻ ቢሰጣት ነው።

ዘጠነኛ፦ ሠርግ፣ ልቅሶ፣ በዓል

የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወርዷል። ከሠርግ ጠረጴዛ ግን አልወረደም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሠርግ ላይ መቅረት ይቻላል። ስጦታችሁን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱና ቀን ቀን መርቃችሁ ውጡ። የማይቀርበት ከሆነ ከማይጠጣ ሰው ጋር ሂዱ፣ ምሳ ብሉ፣ ሙዚቃው ሲደምቅ ውጡ። መውጫ ሰዓቱን ከቤት ስትወጡ ተስማሙ።

ቤታችሁ በዓል ከሆነ «ዘንድሮ ጠላ አልጠምቅም» ማለት ትችላላችሁ። አማት ቅር ቢሉ ቅር ይበሉ። ልቅሶ ግን ሌላ ነው። መቅረት አይቻልም፣ ሐዘኑም የራሱን ሐራራ ያመጣል። ድንኳን ውስጥ ሥራ ያዙ። ወንበር አውጡ፣ ውሃ አቅርቡ፣ እንግዳ ተቀበሉ። ማታ ሰዎቹ ወደ ግሮሰሪ ሲበተኑ ለስልክ ሰዋችሁ ደውሉ።

ብትወድቁስ?

ይደርሳል። አንድ ብርጭቆ ከጠጣችሁ ሁለተኛውን የሚያስጠጣችሁ «በቃ ተበላሸ» የሚለው ሐሳብ ነው። ያኔውኑ ደውሉ። እየጠጣችሁም ቢሆን ደውሉ። «ጠጥቻለሁ፣ ና ውሰደኝ» ማለት ከሦስት ቀን ዝምታ ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ለሳምንታት ያቆመ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም፣ ያንኑ ያህል መጠጣት ከበፊቱ ይበልጥ አደገኛ ነው። ለቀናት በተከታታይ ከጠጣችሁ ደግሞ እንደገና ስታቆሙ መንቀጥቀጡ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ከላይ ወዳለው ወደ አንደኛው ተመለሱ፣ ሐኪሙንም አግኙ። ነገሩ ሲረጋጋ ከስልክ ሰዋችሁ ጋር ቁጭ በሉና የት እንደነበራችሁ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተሰምቷችሁ እንደነበር አንድ በአንድ አውሩት። ከዚያ የሚቀየረው ነገር ራሱ ይታያችኋል።

ለቤተሰብ

ይህን የምታነቡት ስለ ባላችሁ፣ ስለ እህታችሁ ወይም ስለ አባታችሁ ብላችሁ ከሆነ፣ ገና ስለ ነገው አታስጨንቁት። «ለልጆችህ ስትል» አትበሉት፣ ራሱ ሲለው የሚያድር ነገር ነው። «ዛሬ ማታ ምን ላግዝህ?» በሉት። ቤት ያለውን ጠርሙስ አውጡ፣ ሽቶና አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ሳይቀር። እራት ቀደም አድርጉ። ለናንተም የምታወሩት ሰው ይኑራችሁ። የጠጪ ቤተሰቦች የሚገናኙበት አል-አኖን የሚባል ማኅበር ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በኢንተርኔትም ይሰበሰባል።

ሰውዬው እናንተ ባላችሁበት ከተንዘፈዘፈ ክብሪት አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። እጅና እግሩንም አትጫኑት። ዙሪያውን ያለውን ድንጋይና ወንበር አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ወደ ጎን አስተኙት፣ ሰዓቱን ተመልከቱ። 907 ደውሉ። ቢቆምለትና «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ሊደገም ይችላል። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።